ፈረስ ቁስለኛውን ከቤቱ ያደርሰው ይሆን?

የነጭ ዓባይና የጥቁር ዓባይ መገናኛ የሆነችው የሱዳን ርእሰ ከተማ ካርቱም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ የጦር ሜዳ ሆና መክረሟ የሚታወቅ ነው። በጄኔራል አብደል ፈታህ አል ቡርሃን የሚመራው የሱዳን ጦርና በጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ደጋሎ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ቤት ለቤት ሲዋጉ ከርመው፣ ጦሩ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2025 ቤተ መንግሥቱን፣ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ደግሞ መላውን የካርቱም ግዛት መቆጣጠሩን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ ዋናው የእግረኛ ውጊያ ወደ ኮርዶፋንና ወደ ዳርፉር አመራ። ቁስለኛው ግን በከተማይቱ ቀርቷል።

ስለ ተያዘ ድልድይና ስለ ፈረሰ ምሽግ የዜና ማሰራጫዎች በሰፊው ዘግበዋል። ፈንጂ እግሩን ስለ ቆረጠው፣ ፍንጣሪ ወገቡን ስለ መታው፣ ወይም ሌሊት በተኩስ ቅዠት እየባነነ ስለሚያድረው ሰው የሚነገረው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፋችን በሌሎች አገሮች ሠራዊት ዘንድ የተሞከረውን፣ በፈረስ አማካይነት የሚሰጠውን የተሐድሶ ሕክምና መነሻ አድርገን፣ ካርቱምም ሆነች እኛ ለቁስለኞቻችን ምን ልናደርግ እንደሚገባን እንመረምራለን።

ፈረስ ለካርቱም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ከወንዙ ማዶ በኦምዱርማን አቅራቢያ በተደረገው ጦርነት፣ የእንግሊዝ 21ኛ ፈረሰኛ ጦር በማህዲስቶች ላይ ባደረገው ጥቂት ደቂቃ የፈጀ ግልቢያ 21 ሰዎች ሲሞቱበት፣ ከ100 በላይ ፈረሶቹም ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። ከ2003 ጀምሮ በዳርፉር በተካሄደው ጦርነት ጃንጃዊድ የተባሉት ታጣቂዎች በፈረስና በግመል እየጋለቡ መንደሮችን አቃጥለዋል፤ የዛሬው ፈጥኖ ደራሽ ኃይልም ከእነዚሁ ታጣቂዎች የወጣ ነው። በቅርቡ ጦርነት ደግሞ ነዳጅ ሲጠፋ ሱዳኖች ካሮ የሚሉት፣ ፈረስ ወይም አህያ የሚጎትተው ጋሪ ውሃውንና ስንቁን፣ ሲያስፈልግም በሽተኛውን አመላልሷል። እንግዲህ ከተማይቱ ፈረስን በጦር መሣሪያነትና በሸክም ጠንቅቃ ታውቀዋለች። በሐኪም ረዳትነት ብታየው ግን አዲስ ገጽ ይሆንላታል።

የሕክምናው ምስጢር በፈረሱ አረማመድ ላይ ነው። ፈረስ በዝግታ ሲራመድ ጀርባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ይህ እንቅስቃሴ ወደ ተቀማጩ ዳሌ ሲተላለፍ፣ ጤናማ ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው ከሚያደርገው ጋር እጅግ ይቀራረባል። ስለዚህም እግሩን ያጣው ሰው የወገቡና የሆዱ ጡንቻዎች ሚዛኑን ለመጠበቅ በየርምጃው ይሠራሉ። በደቂቃ መቶ ያህል ጊዜ የሚራመድ ፈረስ በሩብ ሰዓት 1500 ጊዜ ያህል ይህንኑ ልምምድ ያሠራዋል። በሐኪም ቤት ምንጣፍ ላይ መቶውን እንኳ ሳይጨርስ የሚታክተው ሰው በኮርቻ ላይ ሳይታወቀው ይፈጽመዋል።

ሁለተኛው ጥቅም የመንፈስ ነው። ፈረስ በተፈጥሮው አደጋን ሸሽቶ የሚድን እንስሳ በመሆኑ የአጠገቡን ሰው ሁኔታ በፍጥነት ይረዳል። ልጓሙን የያዘው እጅ ሲንቀጠቀጥና ትንፋሹ ሲቆራረጥ እርሱም ጆሮውን አቁሞ ይደናገጣል። ስለሆነም ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር ፈረሱን ለማረጋጋት ሲል አስቀድሞ ራሱን ማረጋጋት ይማራል።

የአሠራሩ ሥርዓት ከጦር ሜዳ ግልቢያ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። አንድ ሰው ፈረሱን ይመራል፤ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ቁስለኛውን ደግፈው ይሄዳሉ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አቀማመጡን ይከታተላል፤ መውጣትና መውረዱም በተዘጋጀ መድረክ ላይ ይፈጸማል። ቁስሉ ያልጠገገ ወይም የጀርባ አጥንቱ ያልጸና ሰው ከሐኪም ፈቃድ ውጭ ከኮርቻ ላይ አይወጣም።

የዘዴውን አመጣጥ ስንመለከት፣ ሊዝ ሃርቴል የተባለች የዴንማርክ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1944 በፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና ሳለ፣ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳሊያ ማግኘቷ ዓለምን አስደንቆ ነበር። በ1969 በብሪታኒያና በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኞች ግልቢያ የቆሙ ብሔራዊ ማኅበራት ተመሠረቱ። በ2006 ደግሞ በዋሽንግተን አጠገብ በፎርት ማየር የጦር ሠፈር፣ በአርሊንግተን መካነ መቃብር የሟች ወታደሮችን አስከሬን የሚጎትቱት ፈረሶች ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ቁስለኞችን ይሸከሙ ጀመር።

ከዚህ ላይ ሊሠመርበት የሚገባ ነጥብ አለ። ዘዴው ተአምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በጦርነት ምክንያት መንፈሳቸው ከታወከ 63 የቀድሞ ወታደሮች መካከል ለ8 ሳምንታት ከፈረስ ጋር ከሠሩ በኋላ ግማሽ ያህሉ ግልጽ መሻሻል እንዳሳዩ ገልጿል። ይሁን እንጂ ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ሥራውም ፈረሱን በምድር ላይ መያዝና መንከባከብ እንጂ ግልቢያ አልነበረም። በሌላ በኩል፣ በዚያው በፎርት ማየር በ2022 ሁለት ፈረሶች ከሞቱ በኋላ የመኖና የጋጣው አያያዝ ጉድለት ተጋልጦ፣ የቀብር ሠረገላው አገልግሎት ከ2023 እስከ 2025 ተቋርጦ ነበር። ባለጠጋ ሠራዊት እንኳ ፈረሱን ካልጠበቀ ቁስለኛውን ሊያገለግል እንደማይችል ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ካርቱም እንመለስ። የመጀመሪያው አስፈላጊ ነገር ፈረስ ሳይሆን ሰው ሠራሽ እግር፣ መድኃኒትና የተሟላ ሐኪም ቤት መሆኑ አያጠያይቅም። በካርቱም የነበረው የሰው ሠራሽ አካል ድርጅት በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል፤ እንዲህ ያሉት ተቋማት በሙሉ ኃይላቸው ሳይቆሙ ስለ ግልቢያ ብቻ ማውራት ቀልድ ይሆናል። ነገር ግን ሰው ሠራሽ እግር ያገኘ ሰው ሚዛኑን ካልጠበቀ እግሩን ከግድግዳ አስደግፎ ይተኛል። ፈረሱ የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ ውድ የሆነው ነገር በሱዳን አገር በቀል ነው። ፈረስ አርቢዎቹ የምዕራብ ሱዳን ሰዎችና የካሮ ነጂዎቹ የፈረስን ጠባይ ያውቃሉ። በአካባቢያችን የተለመደውን የፈረስ በሽታ በክትባት መከላከል፣ ሜዳውን ካልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ ማጽዳት፣ ከሙቀቱም የተነሣ ሥራውን በማለዳ መፈጸም ግን ግዴታ ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ይቀራል። መንደሩን ፈረሰኞች ያቃጠሉበት የዳርፉር ሰው የፈረስ ኮቴ ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ለእርሱ ፈረስ መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ ቁስሉን የሚቀሰቅስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው በትእዛዝና በሰልፍ የሚሰጥ ሊሆን አይገባም። ቁስለኛው በፈቃዱ ሲቀርብ፣ አልፈልግም ሲልም ሲከበር ብቻ ነው ፍሬ የሚያፈራው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አባቶቻችን በፈረስ ስም፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ መላ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ወደ ካርቱም በመጡበት በዚያው ዓመት ተመሥርቶ፣ የዓድዋን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን መታሰቢያ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብራል። በሌላ በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በኤርትራ ከነበረው ሠራዊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች በከሰላ በኩል ወደ ሱዳን መሻገራቸውን፣ በዚያው ዓመትም ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን መቆሙን እናስታውሳለን። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ደግሞ በሁሉም ወገን አዲስ ጉዳተኛ ጨምሯል። ፈረሱም ባልደራሱም በእጃችን ናቸው፤ ቁስለኛውም ከደጃችን ነው። የጎደለው ጋጣውን ከሐኪም ቤቱ ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው።

እኛ በወታደር ቤት ያለን ሰዎች የምንማረው አንድ ሕግ አለ፤ መሣሪያውን ያስቀመጠ ቁስለኛ ከየትኛውም ወገን ቢሆን ቁስለኛ ነው። የጄኔቫ ስምምነቶችም ይህንኑ ያዛሉ። በካርቱም የሚከፈት ማናቸውም የተሐድሶ ማዕከል የሚመዘነው በዚህ ሕግ ይሆናል። የማን ወታደር ነህ ብሎ የሚጠይቅ ደጃፍ ቁስለኛን በግማሽ አድኖ ቂምን በሙሉ ያተርፋል።

አባቶቻችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይሉ ነበር። አባባሉ ለተዋጊው የተነገረ ቢሆንም ለቁስለኛውም ይሠራል። ፈረሱ ከመድረኩ እስከ ሜዳው ዳር ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የጡረታውን፣ የሥራውንና የመጠለያውን ነገር ፈረስ አይዋጋለትም። ያ የላከው መንግሥትና የተላከለት ሕዝብ ዕዳ ነው።