እማማ፣ አይንኩት!

«ሀበሻ የመጎብኘት ባህል የለውም።»

ይቺን አባባል ስንት ጊዜ ሰማችኋት? እኔ በሬዲዮ ሰምቻታለሁ፣ ክፍል ውስጥ ከአስተማሪ አፍ ሰምቻታለሁ፣ ለእረፍት ከአሜሪካ ከመጣ ያክስቴ ልጅ ሰምቻታለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብያታለሁ። ለተናጋሪው ትመቻለች፤ «ሀበሻ» ከሚባለው ውስጥ ራሱን አውጥቶ፣ ዳር ቆሞ እንዲፈርድ ታደርገዋለች። ዛሬ ግን ልሟገታት ነው የመጣሁት። ውሸት ናት፤ ጥፋተኛውን የምትደብቅ ውሸት።

ከእናቴ ልጀምር። የወሎ ልጅ ናት። ግሸን ማርያምን ሦስት ጊዜ ተሳልማለች፤ የመጀመሪያውን በልጅነቷ፣ ከአያቴ ጋር፣ በእግሯ። ዛሬም ስታወራው የት እንዳደሩ፣ ማን ቤት ውሃ እንዳጠጧቸው፣ በሶው በስንተኛው ቀን እንዳለቀ፣ መስቀል የሚመስለው አምባ ከሩቅ ሲታይ አያቴ ምን እንዳለች አንድ በአንድ ትነግራችኋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሠላሳ ዓመት ኖራ ሙዚየም ገብታ አታውቅም ነበር። ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፦ «እሱ የፈረንጅ አይደል እንዴ?»

ታዲያ የመጎብኘት ባህል የላትም የምትባለው ይቺ ሴት ናት?

እስቲ የቀን መቁጠሪያችሁን ግለጡት። መስከረም 21 ግሸን። ኅዳር 21 አክሱም ጽዮን። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ፣ ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነጭ በነጭ ሲሆን። ጥር 11 ጎንደር፣ የፋሲል መዋኛ። ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ፣ ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር። ባሌ ደግሞ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄደው ሰው ጫፉ ባላ የሆነውን በትሩን ይዞ ይነሳል። ወቅት ጠብቆ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ ለመንገድ የሚነሳ ሕዝብ ፈልጉ ብትባሉ ሩቅ አትሂዱ።

«እሱማ እምነት ነው፣ ጉብኝት አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። ይሁን። ግን ከቁልቢ የተመለሰ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ስለቱ ይነግራችኋል፤ ስለ አውቶብሱ ጭፈራ፣ ስለ መንገዱ ምሳ፣ ስለ ሐረርጌ ተራሮችም ይነግራችኋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለ ሕዝብ ስለ ጸሎት ብቻ ነው የሚያወራው? ሎሚ የሚወረውረው ጎረምሳስ? አያቶቻችን በረከቱንና ሽርሽሩን በሁለት ቲኬት አልከፋፈሉትም። አንድ መንገድ ነበር፣ ሁለቱንም ይዞ የሚሄድ።

የኛም ትውልድ ቢሆን ቤቱ አልተቀመጠም። በየሳምንቱ መጨረሻ ወንጪ፣ መናገሻ፣ ደብረ ሊባኖስ የሚወጣውን ወጣት ቁጠሩት። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ መሀል ፎቶ ለመነሳት ከከተማ የሚወጣውን ቁጠሩት። «ለቲክቶክ ነው የሚሄዱት» እየተባለ ይሾፍባቸዋል። ይሂዱ! እናቴም ከግሸን ስትመለስ እምነት፣ መቁጠሪያና ወሬ ይዛ ነው የመጣችው። ከሄደበት አንድ ነገር ይዞ መመለስ የማይፈልግ መንገደኛ የለም።

እንግዲህ ጥያቄው «ለምን አንሄድም?» አይደለም። እንሄዳለን። ጥያቄው «ለምን እዚያ አንሄድም?» ነው። ለዚህ መልሱን ያገኘሁት እናቴን ጎትቼ ሙዚየም የወሰድኳት ቀን ነው።

የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ ለውጥ አያመጣም። አንድ መስታወት የሌለው መደርደሪያ ላይ ሙዳይ ተቀምጧል። ከሥሩ ወረቀት፦ «ሙዳይ፤ የቤት ዕቃ።» በእንግሊዝኛው በኩል አራት መስመር አለ፣ በአማርኛው ሦስት ቃል። እናቴ አየችው፣ ፈገግ አለች፣ እጇን ሰደደች። ጥበቃው ከኋላ፦ «እማማ፣ አይንኩት!»

ጥበቃው አልተሳሳተም፤ ሥራው ነው። እናቴ ግን እጇን የሰበሰበችበት ሁኔታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የሰው ቤት ገብቶ የተቆጡት ልጅ ነው የመሰለችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ለእኔ ማስረዳት ጀመረች። ውስጡ ስንደዶ ነው፣ ላዩ አክርማ። ስንደዶው ክረምቱ ሲወጣ ይለቀማል፤ ካለፈ ይደርቅና ይሰባበራል። አክርማው ተሰንጥቆ ቀለም ይገባል። በወስፌ እየተወጋ ይሰፋል። «ይሄን የሰፋችው እጇ ገና ነው፤ እዚህ ጋ ላልቷል፣ አየሽው? ልጅ ናት። ጥጧንና ጌጧን ልታስቀምጥበት ነው።»

አጠገባችን የትምህርት ቤት ልጆች በሰልፍ እያለፉ ነበር። ሦስቱ ቆሙ። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥር። አንዷ «ቀለሙ ከምንድን ነው የሚሠራው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ አፏን ስትከፍት አስተማሪያቸው ደረሰ፦ «ተራመዱ! ጊዜ የለንም!»

ልጆቹ ተራመዱ። ወደ ቀጣዩ ወረቀት።

ያቺን ልጅ አስቡልኝ። እናቴ ካለችው ሌላ ምንም አልያዘችም፣ እሱንም ከመሀል ነው የቀሟት። ከአሥር ዓመት በኋላ ሙዚየም ሲባል ትዝ የሚላት ሰልፍና «ተራመዱ» ነው። ያኔ አንዱ በሬዲዮ ወጥቶ የመጎብኘት ባህል የላትም ይላታል።

ሙዚየሞቻችንና የጉብኝት ቦታዎቻችን ሁለት ዓይነት ሰው ይጠብቃሉ፦ እንግሊዝኛ የሚያነብ እንግዳና በሰልፍ የሚነዳ ተማሪ። እናቴ ሁለቱንም አይደለችም፤ እሷ የዕቃው ባለቤት ናት። የባለቤት መግቢያ በር ግን አልተሠራም። ብዙ ቦታ የሚቀመጡበት አግዳሚ እንኳ የለም።

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉኝ። ሐረር ሂዱ። አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ ሰው የከተማቸውን ታሪክ ራሳቸው ማወቅ ፈልገው የድሮ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጥ፣ በካሴት የተቀዳ ዘፈን ሳይቀር መሰብሰብ ጀመሩ። ሙዚየሙን መጀመሪያ የከፈቱት በገዛ ቤታቸው ነው፤ ኋላ በራስ ተፈሪ ስም ወደሚጠራው አሮጌ ቤት ተዛወረ። የሐረር ሰው ዕቃውን ራሱ እያመጣ ሰጣቸው። ሰው የኔ ነው ለሚለው ቦታ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ስድስት ኪሎም ሂዱ። ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ዕቃውን በብሔር ከመደርደር ይልቅ በሰው ዕድሜ አስኪዶታል፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። እናቴን እዚያም ወስጃታለሁ። «ይሄስ የገባው ሰው ነው የሠራው» አለች።

ሌላም ደፍረን የማናወራው ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በግጭት ምክንያት ወደ ብዙዎቹ ታሪካዊ ቦታዎች በመኪና መሄድ የሚያስፈራ ሆኗል። እናቴ አራተኛውን የግሸን ጉዞዋን ከዓመት ዓመት እያራዘመች ያለችው ባህል ስለጎደላት አይደለም። መንገዱ ስለጎደላት ነው። መንገድ የተዘጋበትን ሰው «አትጎበኝም» ብሎ መውቀስ ነውር ነው።

ስለዚህ ለባለሙዚየሞቹ፦ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሌላውንም ቋንቋ እንደ ተረፈ ቦታ አትሙሉት፤ መጀመሪያ በሱ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ የሠራው ወይ የተጠቀመበት ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ በሕይወት እያሉ። በበዓል ቀን በር አትዝጉ፤ ሰው እግሩን የሚያነሳው ያኔ ነው። ልጆቹ ይነኩት ዘንድ አንድ አዲስ ሙዳይ ግዙ፤ ስንት ያወጣል?

ለኛ ደግሞ፦ ሙዚየም ለመግባት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አትጠብቁ። ብቻችሁንም አትሂዱ። እናታችሁን፣ አያታችሁን፣ የጎረቤት እማማን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልካችሁንም አውጡና የሚሉትን ቅዱ። ወረቀቱ ላይ የሌለው አራት መስመር እነሱ ጋ ነው ያለው፣ እነሱ ደግሞ ሁልጊዜ አይኖሩም። የኔ እናት ጉልበቷ እየደከመ ነው። የስንደዶውን ነገር ከሷ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ባንሄድ እኔም አልጠይቃትም ነበር።

እሁድ ድንቅነሽን ልናይ ነው። በ1967 ኅዳር ወር ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆናት ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ስንቅ ምን እንያዝ?» አለችኝ።

ሙዚየም ውስጥ ምግብ አይበላም አልኳት።

«ታዲያ ምን ዓይነት ጉዞ ነው?» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። በሶ እየበጠበጠች ነው መሰለኝ።