ከሠራተኛ ጎን ስለሚቆም የብየዳ ሮቦት

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ማድ ቤት እሳት ጥቂት ተናግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ በሥራ ቤት ስለሚነድ፣ ሕመሙ ግን ሠራተኛውን ተከትሎ እስከ መኝታው ስለሚደርስ እሳት ልንናገር አሰብን፤ ይኸውም የብየዳ እሳት ነው።

ብረት የሚበይዱ ሮቦቶች በመኪና ፋብሪካ መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ነው፤ ነገር ግን በአጥር ተከልለው ነው እንጂ ከሰው ጋራ ተቀላቅለው አይደለም። አጥሩም በከንቱ እንዳልሆነ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት የደረሰው ሞት ያስረዳል (ከዚህ በታች ያለው ዓመትም ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው)። ሮበርት ዊልያምስ የሚባል የ25 ዓመት ሠራተኛ ዕቃ ሊያወርድ ወደ መደርደሪያው ቢወጣ፣ ሰው መኖሩን የማያውቅ የሮቦት ክንድ መትቶ ገደለው። ያ ሮቦት የሚበይድ ሳይሆን ዕቃ የሚያወርድ ነበር።

ከዚህ በኋላ በ1996 ኮልጌትና ፔሽኪን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መምህራን ከሰው ጎን ሆኖ የሚረዳ ሮቦት ፈለሰፉ፤ በ2008 ደግሞ በዴንማርክ በኦዴንሴ ከተማ የተቋቋመ ኩባንያ ሰው ሲነካው የሚቆም ክንድ ይሸጥ ጀመር። በያጁ ክንዱን በእጁ ይዞ እየመራ የብየዳውን መነሻና መድረሻ ያሳየዋል፤ እርሱም ያሳዩትን ሳይሰለች ይደግማል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች አጥር አያሻውም እያሉ በትንንሹ የብረት ሥራ ቤት ያስገቡታል።

እኛ የምንፈራው ይህን ነው። ክንዱ ገራም ቢሆን በጫፉ የያዘው ግን ገራም አይደለም። የብየዳው ነበልባል ሙቀት በሺህ ዲግሪ የሚቈጠር ነው፤ ከጫፉ ብቅ ያለውም ቀጭን ሽቦ ክንዱ እጅግ ቀስ ብሎ ቢሄድ እንኳ ዓይን ይወጋል። ብርሃኑና ጢሱማ ክንዱን ሳይነኩት ወደ ሰው ስለሚሄዱ ክንዱ በምን ያውቃል? ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2025 ባደሰው ደንብ «የሚተባበር ሮቦት» ማለትን ትቶ «የሚተባበር አሠራር» ማለቱ፣ ደኅንነቱ የሚመዘነው በክንዱ ብቻ ሳይሆን ከያዘው መሣሪያና ከሚሠራው ሥራ ጋራ ስለ ሆነ ነው። መልካም እርማት መስሎ ታይቶናል፤ የቀድሞው ስም ሰውን ያዘናጋ ነበርና።

መዘናጋቱም እንዲህ ነው። በእጁ የሚበይድ ሰው ፊቱ ከእሳቱ አጠገብ ስለ ሆነ ጭምብሉን አይረሳም። ከሮቦት ጋራ ሲሠራ ግን ጥቂት ራቅ ብሎ ይቆማል፤ አጥርቶ ለማየትም ጭምብሉን ወደ ላይ ያነሣል። ደግሞ በእጁ የሚበይድ ሰው እየደከመው ያርፋል፤ ሮቦት አያርፍምና በቀን ውስጥ የሚወጣው ጢስ ይበዛል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2017 የብየዳን ጢስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋራ ስለ ቈጠረው፣ የብረት ሥራ ቤት ያላቸው አንባቢዎቻችን ክንዱን ሲገዙ ጢሱን ከምንጩ የሚስብ መሣሪያና ብርሃኑን የሚከልል መጋረጃ አብረው ይግዙ። ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ክንዱ ይቆይ።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። በብየዳ ብርሃን የተመታ ዓይን ቀን ደኅና መስሎ ውሎ ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቈጠቍጣል፤ እንባውም አይቆምም። እመቤቲቱ ባልዋ ወይም ልጅዋ እንዲህ ቢሆን ዓይኑን እንዳያሽ ትከልክለው፤ መብራቱን ትቀንስለት፤ ያገኘችውን ሁሉ ሳትጨምርበት ወደ ሐኪም ትስደደው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሽራል። ሐኪሙ ለምርመራ የሚያደነዝዝ ጠብታ ቢያደርግለት፣ ያንኑ ቤት ወስዶ ደጋግሞ መጨመር ቍስሉ እንዳይድን ያደርገዋልና ይጠንቀቅ። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበይድ ውሎ ማታ ብርድ ብርድ ቢለውና ቢያተኵሰው፣ ወባ ነው ብላ ከመወሰንዋ በፊት ቀን ምን ሲበይድ እንደ ዋለ ጠይቃ ለሐኪሙ ትንገር። የሥራ ልብሱንም ከሕፃናት ልብስ ጋራ አትጠብ።

ሌላም አለ። በከተማችን በየመንገዱ ዳር በርና መስኮት ሲበየድ ሕፃናት ከብበው ያያሉ። አንዳንዱ በያጅ ራሱ የፀሐይ መነጽር አድርጎ ይሠራል፤ የፀሐይ መነጽር ግን ይህን ብርሃን አይችለውም። ከትምህርት ቤት በእግሩ የሚመለስ ልጅ ያላችሁ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣና በመንገዱ ምን ቆሞ እንደሚያይ ዛሬ ማታ ጠይቁት።