የማዕረግና የኃይል ሚዛን

በዶዮገና ደጋ የእንሰት ችግኝ ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወረ በዓመታት ትዕግሥት ለቆጮ እንደሚበቃ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመው፣ ወዳጆች ጠረጴዛ ከበው በቃልና በዳይስ በሚጫወቱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ም የገጸ ባሕርይው ኃይል ከማዕረጉ ጋር በልክ ሊያድግ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በጥንቱ ሥርዐት የአስማተኛው የእሳት ኳስ በየማዕረጉ አንድ ዳይስ እየተጨመረለት ብዙዎችን በአንድ ጊዜ ሲፈጅ፣ ሰይፍ የታጠቀው ባልንጀራው ግን ኃያሉን ጠላት በየተራው በአንድ ምት ይገጥም ነበርና፣ ከአንድ ማዕድ የተቀመጡት በክብር ተለያዩ፤ ይህም እጅግ ያሳዝናል። የ2014ቱ አምስተኛ እትም በዳይሱ ውጤት ላይ የሚደመረውን የብቃት ጭማሪ በ20 ማዕረጋት ከ2 እስከ 6 ብቻ በመወሰኑ ታናናሽ ጠላቶች ሲበዙ ኃያሉንም ያሰጉታል፣ ትሩፋቱም ይኸው ነው፤ ነገር ግን የአስማት ጸጋ ዛሬም ያለ ልጓም ስለሚበዛ፣ ጦረኛው በጥንቱ ደንብ በ9ኛው ማዕረግ የነበረው ምሽግ የመመሥረት ሥልጣን ሊመለስለት ይገባል።