ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና

በዋሽንግተን የቼሪው አበባ ሲፈነዳ ኮንቨርቲብል መኪና የማያምረው ማን ነው? እውነቱን እንናገር፤ ደስ ትላለች! ጣሪያዋን ከፍቶ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ሲነዱ የሣሩ ሽታ ይመጣል፣ የወፉ ድምፅ ይሰማል፤ ሁለት ሥራ ያደከመው ጭንቅላት ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን ያርፋል። ይህን ቅንጦት ነው ብሎ መንቀፍ አይገባም። ሌት ተቀን የሚሠራ ሰው ነፋስ መቀበል ይገባዋል።

ነገር ግን ሒሳቡም ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ የዋለችውና ብዙዎች የሚመኟት ማዝዳ ሚያታ መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው። እናት ከአዲስ አበባ ዳለስ ሲገቡ እርሳቸውስ ከጎን ይቀመጡ፤ ሻንጣው፣ በርበሬውና ሽሮው የት ሊገባ ነው? የጨርቅ ጣሪያ ያረጃል፣ ያፈሳል። የቀድሞዎቹ የኋላ መስኮት ፕላስቲክ ስለሆነ በብርድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሌባም ቁልፍ አያስፈልገውም፤ ምላጭ ይበቃዋል። በረዶው ሲወርድማ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፤ ጣሪያው ይዘጋል፣ የወሩ ክፍያ ግን አይዘጋም።

እንግዲህ ያማረው ሰው ያገለገለችውን ይፈልግ፤ ዝናብ በጣለ ማግሥት ሄዶ ምንጣፏን ይዳብስ፤ ከራሰች ይተዋት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለአገር ቤት የሚላከውን ለይቶ ያስቀምጥ። የእናት ቤት ጣሪያ እያፈሰሰ የመኪናን ጣሪያ ከፍቶ መንሸራሸር አያምርም።