ስም ከመሰጠቱ በፊት ዛጎሉ ይገለጽ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉት ተራሮች 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው የእሳተ ገሞራ ባዝልት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የባሕር ዛጎል ቅሪተ አካል የሚሻ ተመራማሪ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ግድ ይለዋል። በስተምዕራብ የዓባይ ሸለቆ የጁራሲክ ኖራ ድንጋይ አለ። በስተምሥራቅ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደው መንገድ አፋር ያደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን በደናክል፣ ቀይ ባሕር በፕላይስቶሲን ዘመን ገብቶ የተዋቸው የኮራል ሪፎችና ዛጎሎች በደረቅ መሬት ላይ ይታያሉ።

ዝርያን ለመለየት የመጀመሪያው ማስረጃ ይኸው የአለቱ ዕድሜ ነው። ኮነስ የሚባሉት ሾጣጣ የባሕር ቀንድ አውጣዎች በቅሪተ አካልነት የሚታወቁት ከ55 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ከዓባይ ኖራ ድንጋይ የወጣ ዛጎል ቅርጹ የቱንም ያህል ቢመሳሰል በዚህ ስም ሊጠራ አይገባውም።

ከደናክል የተገኘ ሾጣጣ ዛጎል ግን ሌላ ፈተና ያቀርባል። ዕድሜው በሥነ ምድር ሚዛን አጭር በመሆኑ፣ ዛሬም በቀይ ባሕር ከሚኖር ዝርያ ጋር አንድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሆኖም «አዲስ ዝርያ» የሚለው ርእስ ወጣት ተመራማሪን ይስባል። በሕይወት ያሉት የኮነስ ዝርያዎች ከ700 በላይ ሲሆኑ፣ ቅርጻቸው ከዕድገት ጋር ስለሚለዋወጥ አንድ የተሸረሸረ ናሙና ለስያሜ አይበቃም። የዛጎሉ ርዝመት፣ ትልቁ ስፋትና የአፉ ቁመት ተለክተው ምጥጥናቸው ይሰላ፤ ትከሻው ክብ፣ ሹል ወይም እብጠት ያለበት መሆኑ፣ በላይኞቹ ጥምዞች ላይ ያሉት ጭረቶችም ይመዝገቡ። ዛጎሉ ተሰብሮ ከተገኘ ውስጡም ይታይ፤ እንስሳው ሲያድግ የውስጥ ግድግዳዎቹን እያሟሟ ስለሚያሳሳቸው ይህ የቤተሰቡ ጥሩ መለያ ነው።

የጠፋ የሚመስል ቀለም እንኳ ተስፋ አይቆረጥበትም። ጆናታን ሄንድሪክስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተገኙ ዛጎሎችን በአልትራቫዮሌት ብርሃን መርምሮ የቀለም ንድፋቸውን በመግለጥ 28 ዝርያዎችን ለይቷል፤ 13ቱ አዲስ ነበሩ። መብራቱ ውድ መሣሪያ አይደለም። የሚከብደው የቀይ ባሕር ዛጎሎችን የማመሳከሪያ ስብስብ ማደራጀት ነው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለደናክል ካለው ቅርበት አንጻር ለዚህ የተመቸ ነው።

ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ ዝርያ መለያ ናሙና የሚቀመጥበት ስብስብ እንዲጠቀስ ያስገድዳል። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ የደረሰው ብላንፎርድ የአገሪቱን አለቶች በሕንጣሎ፣ በአሸንጌና በመቅደላ ሰይሟል። የሚመጣው ዛጎል በአገር ስም ከመጠራቱ ይልቅ የደሴ ተማሪ ሊያየውና ሊለካው በሚችልበት ቦታ መቀመጡ ይቀድማል።