ስንት ካራት ይበቃል?

ዘንድሮ ከሚመረቁት ጓደኞቻችን አንዱ ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሹ ውስጥ አንድ ጥያቄ አቀረበልን። ሊያጫት ላሰባት ልጅ የአልማዝ ቀለበት ለመግዛት መቍረጡን ገልጾ፣ «ለመሆኑ ስንት ካራት ይበቃል?» አለ። ከጠረጴዛው ዙሪያ መልሱ በያይነቱ ወረደ። አንዱ «ከአንድ ካራት ካነሰስ ባይሰጣት ይሻላል» አለ፤ ሌላው «አልማዝ የቅንጦት ዕቃ ነውና ጨርሶ አያስፈልግም» ሲል ተቈጣ፤ አንዲት እኅታችን ደግሞ «ልጅቱንስ ጠይቀሃታል?» ብላ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ስለ ተረዳን፣ በዚህ ገጽ ላይ ሐሳባችንን ለመግለጽ ወደድን።

አስቀድሞ በቃሉ መግባባት ያስፈልጋል። ከወርቅ ቤት የለመድነው «18 ካራት»፣ «21 ካራት» የሚባለው የወርቁን ንጽሕና የሚያመለክት ነው፤ ይኸውም 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ብረት ነው ማለት ነው። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው። አንድ ካራት 200 ሚሊግራም፣ አምስት ካራት አንድ ግራም ነው። ስለዚህ ሻጩ ካራት ሲጠራ የሚናገረው ሚዛኑ ስለሚያነሣው እንጂ ዓይን ስለሚያየው ስፋት አይደለም።

ይህም ልዩነት ኪስን ይነካል። በክብ ቅርጽ በደንብ የተቈረጠ የግማሽ ካራት አልማዝ የፊቱ ስፋት 5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ካራቱ 6.5፣ የሁለት ካራቱ ደግሞ 8 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ድንጋዩ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ስለሚያድግ፣ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን የፊቱ ስፋት የሚጨምረው በሩብ ያህል ብቻ ነው። ዋጋው ግን ከእጥፍ አልፎ ይሄዳል፤ ትልቁ ድንጋይ ከትንሹ ይልቅ ብርቅ ነውና። በተለይም ቍጥሩ ሙሉ ሲሆን፣ አንድ ካራት ወይም ሁለት ካራት ሲደርስ፣ ዋጋው ይዘላል። 0.90 ካራት የሚመዝነው ከሙሉ አንድ ካራት በስፋት የሚያንሰው በሚሊሜትር ሁለት አሥረኛ ያህል ነው፤ ይህን በጣት ላይ አይቶ የሚለይ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ደግሞም ክብደት እንዲያነሣ ተብሎ ሆዱ ወፍሮ የተቈረጠ ድንጋይ፣ በሚዛን ከብዶ በዓይን አንሶ ይገኛል፤ ብርሃኑም ይደበዝዛል። እንግዲህ መግዛት ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ምክራችን ከካራቱ ይልቅ አቈራረጡን እንዲመረምር ነው። የእጅዋንም ሁኔታ ያስብ፤ በቀጭን ጣት ላይ ትንሹ ድንጋይ ትልቅ መስሎ ይታያል። ነርስ ሆና ቀኑን ሙሉ ጓንት ለምታጠልቅና ለምታወልቅ፣ ወይም ሊጥ ለምታቦካ ሴት ከፍ ብሎ የተሰካ ትልቅ ድንጋይ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ እንቅፋት ይሆንባታል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበን ግን «ልኩ ይህ ነው» የሚለው ወሬ ከየት እንደ መጣ ነው። ብዙዎቻችን «ወጉ የሁለት ወር ደመወዝ ነው» ሲባል ሰምተናል። የማን ወግ ነው? ታሪኩን ስንመለከት የምናገኘው አያቶችን ሳይሆን ነጋዴዎችን ነው። (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በደቡብ አፍሪካ በ1867 አልማዝ ከተገኘ በኋላ ድንጋዩ በብዛት ይወጣ ጀመር፤ በ1888 የተቋቋመው ደ ቢርስ የተባለው ኩባንያም ገበያውን በእጁ አስገባ። በ1938 በአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ፤ በ1947 ደግሞ «አልማዝ ለዘለዓለም ነው» የሚለው መፈክር ተጻፈለት። የደመወዙንም ልክ ያወጣው ይኸው ማስታወቂያ ነው፤ ለአሜሪካኑ ሁለት ወር ሲለው፣ ለጃፓኑ ሦስት ወር አለው። በጃፓን በ1967 የአልማዝ ቀለበት የሚደረግላቸው ሙሽሮች ከመቶ አምስት አይሞሉም ነበር፤ በ1981 ከመቶ ስድሳ ያህል ደረሱ። እውነተኛ የፍቅር ልክ ቢሆን ኖሮ ከአገር አገር አንድ ወር ይጨምር ነበርን? በአሥራ አራት ዓመት ጊዜ ውስጥስ ወግ ይወለዳልን?

በእኛ አገር ቀለበት እንግዳ ነገር አይደለም። በተክሊል ሥርዓት ቀለበት አለ፤ ነገር ግን ካህኑ ስንት ይመዝናል ብሎ አይጠይቅም። በእስልምናም መህር የሙሽራይቱ መብት ነው፤ የሚወሰነውም በወገኖቹ ስምምነት እንጂ በማስታወቂያ አይደለም። እናቶቻችን ወርቅ ሲያደርጉ ጌጥነቱን ብቻ አላዩም፤ የክፉ ቀን መያዣ ነው ብለው ነው። ወርቅ ተመዝኖ ይሸጣል፤ ሱቅ ገብቶ የተገዛ አልማዝ ግን ተመልሶ ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛበት እጅግ ባነሰ ዋጋ ነው።

እኛ ተማሪዎች የመጀመሪያ ደመወዛችን ባለቤት ብዙ መሆኑን እናውቃለን። ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ቀሚስ፣ ለታናሽ እኅት የትምህርት ቤት ወጪ ከዚያ ይጠበቃል። በጓደኞቻችን ዘንድ ግን ለቀለበት ሲባል ከዘመድ ለመበደር፣ የዕቁብን የመጀመሪያ ዕጣ ለመለመን ሲታሰብ እንሰማለን። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ጭምር ሳያዩ አልቀሩም። በብድር የመጣው ድንጋይ በጣትዋ ላይ ሲያበራ፣ ዕዳው በቤታቸው ይጨልማል። የምትከፍለውም እርስዋ ጭምር ናት።

ይህን ስንል አልማዝን ጨርሶ እንኰንናለን ማለታችን አይደለም። ከ1991 እስከ 2002 በሴራሊዮን በነበረው ጦርነት አማፅያን በአልማዝ ንግድ መሣሪያ መግዛታቸው እውነት ነው፤ ይህንን ለመግታት የኪምበርሊ ስምምነት በ2003 ሥራ ጀመረ። በሌላ በኩል ግን ቦትስዋና በ1966 ነጻ ስትወጣ እጅግ ድኻ አገር ነበረች፤ በዓመቱ በኦራፓ አልማዝ ተገኘና ከገቢው መንገድና ትምህርት ቤት ሠራችበት። ስለዚህ ገዢው «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል እንጂ፣ ድንጋዩ በራሱ ኃጢአተኛ አይደለም።

ደግሞም ሳይንስ አንድ ነገር ለውጧል። በ1954 በአሜሪካ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ አልማዝ ተሠራ። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው ለጌጥ ይሸጣል፤ ከመሬት እንደሚወጣው ሁሉ ካርቦን ነው፤ በዓይን አይለይም፤ ዋጋው ግን በብዙ እጅ ይረክሳል። እንግዲህ በጣት ላይ ያለ ትልቅ ድንጋይ የባለቤቱን ሀብት መመስከሩ ቀርቷል። ለሰው ዓይን ብሎ በዕዳ የሚገዛ ሰው፣ ያ የሰው ዓይን ዋጋውን መለየት እንደማይችል ይወቀው።

ለጓደኛችን መልሳችን ይህ ነው። ልኩ ሳትበደር የምትከፍለው፣ እናትህም ስትሰማ የማታፍርበት ነው። ግማሽ ካራት ከሆነ ግማሽ ካራት፣ ያለ ድንጋይ የወርቅ ቀለበት ከሆነም ወርቅ ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን የእኅታችንን ምክር ስማና ልጅቱን ጠይቃት። ደመወዝህን ሳትደብቅ ንገራት። ስለ ቀለበት ዋጋ እውነቱን ሊነጋገሩ የማይደፍሩ ሁለት ሰዎች፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጅ ወተት ሊነጋገሩ አይችሉም። እኅቶቻችንም ከቀለበቱ በፊት ሰውየውን እንዲመዝኑ አደራ እንላለን፤ ለእርሱ ደግሞ የካራት ሚዛን አልተሠራለትም።