“ተመርመሩ” ካላችሁን በኋላስ? ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ቅስቀሳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመንግሥት የጤና ትምህርት ሥራ ኃላፊዎች፣

ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ሕዝቡን የምታስተምሩበትን መንገድ ተቃውሜ ነው የምጽፍላችሁ። ልፋታችሁን አላጣጥልም። በጥር መጨረሻ የዓለም የካንሰር ቀን ሲደርስ ወይም በኅዳር ገደማ የወንዶች ጤና ሲነሣ ሐኪም በቴሌቪዥን ይቀርባል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ የእግር ጉዞ ይደረጋል። “ወንዶች ሆይ፣ ተመርመሩ” ይባላል። ሰሞኑ ሲያልፍ ነገሩም አብሮ ያልፋል። የሚያንገበግበኝ የሥራው ማነስ አይደለም። ማስተማርን ከሕክምናው ነጥላችሁ፣ ቀን ተቆርጦለት የሚከበር ዝግጅት አድርጋችሁ መያዛችሁ ነው። በዚህ አያያዝ ትምህርቱ ሊሰማው የሚገባውን ሰው አያገኘውም፤ ያገኘውም ቢሆን ከሰማ በኋላ የሚሄድበትን አያውቅም።

ከመልእክቱ ልጀምር። ደጋግመን የምንሰማው ይህንን ነው፦ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣባችሁ፣ ሌሊት ደጋግማችሁ የምትነሡ፣ ሽንታችሁ የሚቆራረጥና የሚንጠባጠብ ሁሉ ወደ ሕክምና ሂዱ። ምክሩ አይጠላም። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች በአብዛኛው የሚመጡት ከካንሰር ሳይሆን ዕድሜ ሲገፋ ፕሮስቴት እንዲሁ ሲያብጥ ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧውን ከብቦ የተቀመጠ ትንሽ ዕጢ ነው፤ መሐሉ ሲያብጥ ቧንቧውን ይጫነዋል። ካንሰሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከቧንቧው ራቅ ብሎ፣ ከዕጢው ውጭኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ሽንትን ሳይነካ ለዓመታት ሊያድግ ይችላል። መዳን በሚቻልበት በዚያ ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም። እንግዲህ “ምልክት ካያችሁ ኑ” የሚለው ትምህርት ውሃ ሽንቱ ደህና የሆነለትን የስልሳ ዓመት ሰው ምን ብሎ ነው የሚያሰናብተው? አንተን አይመለከትህም ብሎ ነው።

አባቴ ስለ ሽንቱ አንድ ቀንም አማርሮ አያውቅም። ያመመው ወገቡ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ “ብርድ ነው” አለው። መጀመሪያ የታየበት ቦታ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘው፤ ሌላው ዲስክ ነው አለው። እግሩ እየከዳው በሰው ትከሻ መሄድ ሲጀምር ነው አንድ ወጣት ሐኪም ዕድሜውን ጠይቆ እስከዚያ ማንም ያላዘዘለትን የደም ምርመራ ያዘዘለት። ከፕሮስቴቱ የተነሣው ካንሰር አከርካሪው ላይ ደርሶ ነበር። የአንድ ቤት ሐዘን ብቻ ቢሆን አደባባይ አላወጣውም ነበር። ነገር ግን ይህ በሽታ ሲሠራጭ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በዳሌና በአከርካሪ አጥንት ላይ ነው፤ በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ሲጫን እግር ይሰንፋል፣ በቶሎ ካልተደረሰለትም ሽባ ያደርጋል። በየትኛው ባነር ላይ ነው ወገብ የሚለው ቃል ተጽፎ ያያችሁት? ደግሞስ ይህንን ከሕዝቡ በፊት መስማት ያለበት ማን ነው? በየጤና ጣቢያው ወገቤን ብሎ የመጣን ሽማግሌ የሚያየው ነርስና ጤና መኮንን ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ወንድ አዲስ የመጣ፣ ሌሊት የሚብስ፣ የማይለቅ የወገብ ሕመም ይዞ ሲመጣ “ፕሮስቴትስ?” ብሎ የሚያስብ አንድ ባለሙያ ከብዙ ሰልፍ ይበልጥብኛል። የቅስቀሳው በጀት ገሚሱ ለዚህ ቢውል ማን ይጎዳል?

“ተመርመሩ” የሚለው ቃልም ራሱ ባዶውን ነው የሚነገረው። ምኑን? በከተማ ያለውና አቅም ያለው ሰው “ሙሉ ቼክ አፕ” ብሎ የግል ላቦራቶሪ ይገባል፤ ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ከሌላው ጋር ጨምረው ይሠሩለትና ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያን ሌሊት ኑዛዜውን ያስባል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ከእንግዲህ አያሰጋኝም ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ፒኤስኤ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ ዕጢው በዕድሜ ሲያብጥም፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም፣ ሽንት ለማውጣት ቱቦ ከገባ በኋላም ከፍ ይላል። የእንግሊዝ መንግሥት የጤና አገልግሎት ለሕዝቡ በግልጽ የሚነግረው ይህንን ነው፦ ፒኤስኤአቸው ከፍ ካለ አራት ወንዶች ሦስቱ ያህል ካንሰር የለባቸውም፤ ፒኤስኤአቸው ደህና ነው ከተባሉ ሰባት ወንዶችም አንዱ ካንሰር ሊኖርበት ይችላል። የአሜሪካ የመከላከል ምክር ሰጪ ቡድን በ2012 እ.ኤ.አ. ምርመራው ለጤነኛ ወንዶች በጅምላ አይሠራ ብሎ ነበር፤ በ2018 ደግሞ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉ ወንዶች ጥቅሙንና ጉዳቱን ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ይወስኑ አለ። መሣሪያ የሞላቸው አገሮች እንኳ “ተመርመሩ” ብለው የማይጨርሱትን ነገር እኛ በአንድ መፈክር ጨርሰነዋል። ሰው እውነቱን መሸከም አይችልም የሚል ንቀት እንዳይሆን እፈራለሁ። የእኛ ሰው ሲነገረው ይገባዋል። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው የበለጠ እንደሚያሰጋው፣ እሱ ቀደም ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ብትነግሩት ዘመዶቹን ቆጥሮ ይመጣል።

አሁን ደግሞ ማንን እንደምታስተምሩ እንይ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገር ያከበረው ሥራ ነው። ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ቤት ለቤት እየሄዱ እናትንና ሕፃንን ታድገዋል። ነገር ግን የቤቱ አባወራ በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ወይም ሥራ ላይ ነው። ቢገኝም ልጁ የምትሆን ወጣት ስለ ውሃ ሽንቱ ልትጠይቀው ታፍራለች፣ እሱም አይመልስላትም። ነውር ነው። ይህንን ነውር በመፈክር አትሰብሩትም። ሰውየውን ራሱ የሚመጣበት ቦታ ፈልጉት። ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ወንድ በየጊዜው ለመድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ይመጣል፤ ካርዱ እዚያው አለ፣ ዕድሜው ተጽፏል። ጡረታውን ሊቀበል ይሰለፋል። በወር አንድ ጊዜ ዕድር ይሰበሰባል። በዕድር ላይ አንድ ጡረታ የወጣ ወንድ ነርስ ወይም ራሱ ታክሞ የዳነ ሰው ቆሞ ቢናገር በሽማግሌዎቹ መካከል ወዲያው ወሬው ይከፈታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ እኮ “አንተ ሌሊት ስንቴ ትነሣለህ?” መባባላቸው አልቀረም። ሚስቶችንም አትርሷቸው። ባሏ እንቅልፍ ማጣቱንም ወገቡን መያዙንም ከሁሉ በፊት የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷን ደግሞ ኤክስቴንሽኗ ታገኛታለች።

ለሴቶች የተደረገው ይቀነስ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ላሉት ዓመታት የወጣው ብሔራዊ የካንሰር ዕቅድ በጡትና በማኅፀን በር ካንሰር ላይ ማተኮሩ ትክክል ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትም ገና ብዙ እናት ያተርፋል። ይልቁን ከዚያ ሥራ ተማሩ እላለሁ። የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በጤና ጣቢያ የሚሠራው በአሴቲክ አሲድ በማየትና፣ የሚታከም ነገር ከተገኘ ሲቻል በዚያው ቀን በማከም ነው። ትምህርቱና ሕክምናው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። አስተማሪዋ “ተመርመሪ” ስትል የምርመራውን በር በእጇ እያሳየች ነው።

ከዚያ የሚበልጥም ምስክር አለን። ስለ ኤችአይቪ ለዓመታት ተነግሮናል፤ የሚያስፈራ ሥዕል አይተናል፣ ዘፈን ሰምተናል። ያኔ ብዙ ሰው ምርመራውን ይሸሽ ነበር፤ ያለ መድኃኒት ውጤቱን ማወቅ ምን ይጠቅመኛል ይል ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምርና ምርመራው በየጤና ጣቢያው ሲዳረስ ሰዉ በገዛ እግሩ ይሰለፍ ጀመር። መድኃኒት ወስዶ ከአልጋ የተነሣ ጎረቤት ከማንኛውም ፖስተር በላይ አስተማረ። ያንን ሥራ የሠራው ይኸው የእኛ የመንግሥት ጤና ሥርዓት ነው። ስለዚህ አይቻልም የሚል መልስ አልቀበልም።

በፕሮስቴት ካንሰር ከምርመራው በስተጀርባ ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ፒኤስኤ ከተነሣ ናሙና መውሰድ ይመጣል፤ ናሙናውን የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን የመሰሉ ማዕከላት መከፈታቸው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ የጎጃም ወይም የወሎ ገበሬ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ተጽፎለት ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንት ሌሊት ከተማ እንደሚያድር፣ የጤና መድኑ የቱን እንደሚሸፍን የቱን እንደማይሸፍን የሚነግረው ማን ነው? በሬዲዮ “ጊዜ ሳታጠፉ ታከሙ” ስትሉት በሬ ሸጦ ይመጣል። መጥቶ ካርድ ክፍል ደጃፍ ላይ ግራ ሲጋባ ያየሁትን ሰው ፊት አልረሳውም። የቅስቀሳ ወረቀት ካተማችሁ የየክልሉ ሕዝብ ናሙና የሚሰጥበትን ሆስፒታል፣ የቀጠሮውን አያያዝ፣ የሚጠየቀውን ሰነድ ጻፉበት። ይህ ለሕሙም ከሪባን ሥዕል ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከነውሩ የተነሣ ፈጽሞ አይነገርም። ቻርልስ ሃጊንስ የተባለው ሐኪም በ1941 እ.ኤ.አ. ይህ ካንሰር በወንድ ሆርሞን እንደሚያድግና ሆርሞኑ ሲቋረጥ እንደሚሟሽሽ አሳየ፤ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። እስካሁን ለተሠራጨ በሽታ ሕክምናው የሚጀምረው ሆርሞኑን በማቋረጥ ነው፦ ወይ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ በሚሰጥ ውድ መርፌ፣ ወይ የዘር ፍሬን አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና በማውጣት። መርፌውን ገዝቶ መዝለቅ ለማይችል ሰው ቀዶ ሕክምናው ሕመሙን የሚያስታግስና ዕድሜ የሚጨምር ነው። ነገር ግን ሰውየው ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ነው። “ወንድነቴን ልትወስዱ ነው?” ብሎ ተነሥቶ የሚሄድ አለ። የሄደው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም፤ ቀድሞ የነገረው ስለሌለ ነው። ሽንት ስለ ማምለጥ፣ በትዳር አልጋ ላይ ስለሚመጣው ለውጥ፣ ለዚህም ስላለው እርዳታ አስቀድሞ የሰማ ሰው ቢያንስ ከሚስቱ ጋር ተማክሮ ይወስናል።

በሰው ፊት መናገር እንደሚያስተምር ከሌሎች አይተናል። ኮልፌ መጥቶ የሠለጠነው ማንዴላ በ2001 እ.ኤ.አ. ፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ለሕዝብ ተናግሮ የጨረር ሕክምና ወሰደ፤ እስከ 95 ዓመቱ ኖረ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ1997 ተነግሯቸው እስከ 2021፣ እስከ 90 ዓመታቸው ቆዩ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ በጥር 2024 ለፕሮስቴት ማበጥ ሊታከም መሆኑን ሲያስነግር ስለ በሽታው የሚያስረዳውን የመንግሥት መረጃ የሚያነቡ ሰዎች በአንድ ቀን ብዙ እጥፍ ጨመሩ። እኛ አገር ስንት የተከበሩ ወንዶች ተደብቀው ታክመው በ“አጭር ሕመም” ተሸኝተዋል! ከአርቲስቱም፣ ከሃይማኖት አባቱም፣ ከጡረተኛው ጄኔራልም ፈቃደኛ ለምኑ፤ እምቢ ቢሏችሁ ሌላ ለምኑ።

ጊዜም የለንም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ በዓለም በዓመት በዚህ በሽታ የሚያዙ ወንዶች በ2020 ከነበሩት 1.4 ሚሊዮን በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን እንደሚደርሱ፣ ጭማሪው በተለይ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሚበረታ ገምቷል። ምክንያቱ ሰዎች ዕድሜያቸው መርዘሙ ነው። አባቶቻችን እንዲያረጁ ብዙ ደክማችኋል፤ ያረጁት ደግሞ እየመጡባችሁ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ሪፖርታችሁ ነው። በየዓመቱ “ለዚህን ያህል ሕዝብ ግንዛቤ ተፈጥሯል” ይባላል። ሬዲዮ የሰማውን ሰው መቁጠር ምን ይነግራችኋል? አዲስ አበባ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካንሰር ምዝገባ አላት። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ የተሳታፊውን ቁጥር ትታችሁ ሌላ ሁለት ቁጥር አስገቡልን፦ ፕሮስቴት ካንሰር ከተገኘባቸው ወንዶች ስንቱ በሽታው ወደ አጥንት ሳይደርስ መጡ? ከመጀመሪያ ቀን ካርዳቸው እስከ ሕክምናቸውስ ስንት ቀን ፈጀባቸው? መጀመሪያ የሚወጣው ቁጥር ያሳፍር ይሆናል። ቢሆንም አውጡት፤ በዓመቱ የሚወጣውን ከእሱ ጋር እናስተያየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አባቱን በዚህ በሽታ ያጣ ዜጋ